አንድ ወንበር ለሁለት ሰው፦ የ«ቱናይት ሾው» ውዝግብ ሲብራራ

በጃንዋሪ 2010 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን፣ ሥራውን ከጀመረ ገና ስምንት ወር ያልሞላው አንድ አቅራቢ ከነሠራተኞቹ እንዲሰናበትለት 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። አቅራቢው ኮናን ኦብራየን ነበር። ዝግጅቱ ደግሞ በአሜሪካ የምሽት ቴሌቪዥን እጅግ የሚከበረው «ቱናይት ሾው» ነው። ሰውየው ውል አላፈረሰም፣ በአየር ላይ ነውር አልተናገረም፣ ከሥራ ገበታው አልቀረም። ጣቢያው ከአምስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በአደባባይ የሰጠውን ወንበር በገዛ ገንዘቡ መልሶ ገዛው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሁለት ኮሜዲያን ጠብ አድርጎ ያስታውሰዋል። ኮናን ተበዳይ፣ ከእሱ በፊት ወንበሩን ይዞ የነበረው ጄይ ሌኖ በዳይ ሆነው ይቀርባሉ። እንዲህ ሲነገር ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ዋናውን ጥፋት ይሸፍነዋል። ጥፋቱ የተሠራው ሁለቱ ሰዎች ክፉ ቃል ከመለዋወጣቸው ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ በሥራ አስኪያጆች ቢሮ ውስጥ ነው። ኤንቢሲ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ አልመረጠም። የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቶቹን ግን እኛ በለመድነው መንገድ አስቀምጣቸዋለሁ፤ የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሰዓት ናቸው።

ወንበሩ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ?

በአሜሪካ ከምሽቱ ዜና በኋላ የሚተላለፍ የቀልድና የጨዋታ ዝግጅት የቆየ ባህል ነው። አቅራቢው ቆሞ በዕለቱ ወሬ ላይ ይቀልዳል፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ እንግዶችን ያጫውታል፤ በአዳራሹ ታዳሚና የሙዚቃ ባንድ አለ። ሰይፉ ፋንታሁን በኢቢኤስ የሚያቀርበውን ዝግጅት የተመለከተ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። የዚህ ቅርጽ መሠረት የተጣለው በ1954 «ቱናይት ሾው» በስቲቭ አለን አቅራቢነት ሲጀመር ነው። ከእሱ በኋላ ጃክ ፓር መጣ፤ ከ1962 እስከ 1992 ደግሞ ጆኒ ካርሰን ለ30 ዓመት ያህል ወንበሩን ያዘ።

ወንበሩን ትልቅ ያደረገው ካርሰን ነው። ገና ስሙ ያልታወቀ ኮሜዲያን በካርሰን ፊት ቀርቦ ካሳቀ፣ በተለይም ካርሰን ጠርቶ አጠገቡ ካስቀመጠው፣ በማግሥቱ የሥራ ጥሪ ይጎርፍለት ነበር። ስለዚህ በአሜሪካ ያደጉ ኮሜዲያን በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ወንበር እየተመኙ አደጉ። ኮናንም ሌኖም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጣቢያም ይከፍላቸው ነበር።

ካርሰን ሲሰናበት ተተኪው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ቁስል አመጣ። ዴቪድ ሌተርማን ከ1982 ጀምሮ ከካርሰን ቀጥሎ በሚተላለፈው «ሌት ናይት» ላይ ይሠራ ስለነበር ተራው የእኔ ነው ብሎ ያምን ነበር። ኤንቢሲ ግን ካርሰን በማይኖርበት ምሽት ይተካው የነበረውን ሌኖን መረጠ። ሌተርማን ተቀይሞ በ1993 ወደ ተፎካካሪው ሲቢኤስ ሄደ፤ እዚያም በተመሳሳይ ሰዓት የራሱን ዝግጅት ከፍቶ መጀመሪያ ላይ ሌኖን በተመልካች ብዛት በለጠው። ሌኖ መሪነቱን የያዘው በ1995 ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት አልለቀቀውም። ለኤንቢሲ ኃላፊዎች የቀራቸው ትምህርት «ተተኪውን ወደ ሌላ ጣቢያ እንዳይሄድብን» የሚል ሆነ። ከዚህ ፍርሃት ነው የ2004ቱ ቃል የተወለደው።

ከአምስት ዓመት በኋላ የሚከፈል ቃል

ሌተርማን የለቀቀውን «ሌት ናይት» የወረሰው ኮናን ኦብራየን ነበር። ሃርቫርድ ተምሮ የወጣ፣ ለ«ሳተርደይ ናይት ላይቭ» እና ለ«ዘ ሲምፕሰንስ» ቀልድ ይጽፍ የነበረ፣ ተመልካች ግን ፊቱን የማያውቀው ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ተቺዎች አልማሩትም፤ ጣቢያውም ውሉን በጥቂት ሳምንታት ብቻ እያራዘመ በጥርጣሬ ያቆየው ጊዜ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላው ግን የወጣቶች ተወዳጅ ሆኖ ነበር፤ ሌሎች ጣቢያዎችም ዓይናቸውን ጥለውበታል።

እሱን ለማቆየት ኤንቢሲ ዝግጅቱ 50 ዓመት በሞላበት በሴፕቴምበር 2004 አንድ ማስታወቂያ አወጣ። በ2009 ሌኖ ይወርዳል፣ ኮናን ይተካዋል የሚል ነው። ቃሉ ካልተፈጸመ ለኮናን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ካሳ እንዲከፈል በውል ታሰረ። ሌኖም በራሱ ዝግጅት ላይ ወጥቶ ዜናውን ለተመልካቹ ተናገረ፤ ከሌተርማን ጋር የነበረው ዓይነት መቃቃር እንዲደገም አልፈልግም አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ያማረ መስሎ ነበር። ኮናን ተስፋ አገኘ፣ ሌኖ አምስት ዓመት አገኘ፣ ጣቢያው ሁለቱንም አገኘ። ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ ማንም በግልጽ ያልተናገረው ግምት ነበር፤ አምስት ዓመት ሲያልፍ ሌኖ ተመልካቹ ይቀንሳል፣ ያኔ በሰላም ይሄዳል የሚል ግምት። አልጋ ወራሹ ተሰየመ፤ አልጋው ላይ ያለው ሰው ግን ጤነኛና ገና ሥራ ያልጠገበ ነበር። 2009 ሲደርስ ሌኖ አሁንም አንደኛ ነው። በኋላ በ2010 ከኦፕራ ዊንፍሬይ ጋር ሲነጋገር የ2004ቱ ውሳኔ ልቡን እንደሰበረው ተናግሯል። በአየር ላይ ደስ ብሎት የተናገረ የመሰለው ሰው ለአምስት ዓመት ቅር ብሎት ሠርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ኤንቢሲ ሁለት ንጹሕ መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ቃሉን አክብሮ ሌኖን በክብር መሸኘት ነው፤ ሌኖ ወደ ኤቢሲ ወይም ወደ ፎክስ ቢሄድም ዋጋውን መቀበል። ሁለተኛው ተሳስተናል ብሎ ለኮናን ካሳውን ከፍሎ ማሰናበት ነው። ሁለቱም ያማሉ፤ ሁለቱም ግን ያልቃሉ። በጄፍ ዙከር የሚመራው አስተዳደር ሦስተኛ መንገድ ፈጠረ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት

በዲሴምበር 2008 የተነገረው ዕቅድ እንዲህ ነበር፤ ሌኖ «ቱናይት ሾው»ን ለኮናን ይለቃል፣ ግን ከኤንቢሲ አይሄድም። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አዲስ የራሱ ዝግጅት ይኖረዋል። ይህ ሰዓት እስከዚያ ድረስ የድራማ ሰዓት ነበር።

ከሒሳብ አንጻር ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ ይህን ማለት ለእውነት ያስፈልጋል። የአንድ ሰዓት ድራማ ለመሥራት በክፍል እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ይወጣ ነበር፤ የሌኖ ዝግጅት ግን ከዚያ ጥቂቱን ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ኤንቢሲ በዚያን ወቅት ከአራቱ ታላላቅ ጣቢያዎች በምሽት ተመልካች መጨረሻ ላይ ነበር፤ ድራማዎቹም አልያዙለትም። ተመልካቹ ቢያንስም ወጪው ይበልጥ ስለሚያንስ ትርፍ ይኖራል ብለው አሰቡ። ሒሳቡ ለኤንቢሲ ይሠራ ነበር። የማይሠራው ለሌሎቹ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው የአሜሪካ ቴሌቪዥን አሠራርም እዚህ ላይ ይመጣል።

ኤንቢሲ ሲባል አንድ ጣቢያ በመላ አገሪቱ የሚያሰራጭ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ኔትወርኩ በባለቤትነት የያዛቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። በየከተማው የኤንቢሲን ዝግጅት የሚያስተላልፉት ከ200 በላይ አጋር ጣቢያዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ የሌሎች ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። እነዚህ ጣቢያዎች ድራማውንና ስፖርቱን ከኔትወርኩ ይቀበላሉ፤ የራሳቸውን ዋና ገቢ የሚያገኙት ግን ከአካባቢ ዜናቸው ነው፤ በተለይም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ከሚያቀርቡት። ተመልካቹ ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ጣቢያ ላይ ይቆያል፤ በ4 ሰዓት ድራማ ያየ ሰው በ5 ሰዓት ዜናውን ይሰማል፣ ዜናውን የሰማው ከ5 ሰዓት ከ35 ጀምሮ «ቱናይት ሾው»ን ያያል። አራት ሰዓት ላይ ያለው ሲደርቅ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ይደርቃል።

ቦስተን ያለ አንድ አጋር ጣቢያ ይህን ቀድሞ አይቶት ነበር። ደብሊውኤችዲኤች የተባለው ጣቢያ በአፕሪል 2009 የሌኖን ዝግጅት አላስተላልፍም፣ በቦታው የራሴን ዜና አቀርባለሁ ብሎ አስታወቀ። ኤንቢሲ አጋርነታችሁን እነጥቃለሁ ብሎ አስፈራራው፤ ጣቢያውም ወደኋላ ተመለሰ። ያ ተቃውሞ በማስፈራራት ፈንታ ቢደመጥ ኖሮ ምን ያህል ጉዳት ይቀር እንደነበር ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኮናን ጁን 1 ቀን 2009 ሥራ ጀመረ። ለዚህም ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ ለዓመታት አብረውት የሠሩ ጸሐፊዎችና ባለሙያዎች ቤታቸውን ለቀው፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ተከተሉት። አዲስ ስቱዲዮም ተሠራለት። ሌኖ ሴፕቴምበር 14 በ4 ሰዓቱ ዝግጅት ተመለሰ። የመጀመሪያው ምሽት ብዙ ሰው አየው፤ ከዚያ ቁጥሩ ወረደ። የአጋር ጣቢያዎቹ የ5 ሰዓት ዜና አብሮ ወረደ፤ በአንዳንድ ከተማ ውድቀቱ ከባድ ነበር። ኮናንም በሌኖ ዘመን 5 ሚሊዮን ገደማ የነበረውን ተመልካች ይዞ መቆየት አልቻለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 2.5 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ሌተርማንም ከብዙ ዓመት በኋላ አንደኛ ሆነ።

ለኮናን መውደቅ ምክንያቱ የ4 ሰዓቱ ድርቀት ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። የሌኖ ተመልካች በዕድሜ ገፋ ያለ ነበር፤ የኮናን ቀልድ ደግሞ ግራ የሚያጋባ፣ ከወጣቱ ጋር የሚግባባ ቀልድ ነው። የተወሰነው ሰው ለሌኖ ብሎ ያይ ነበር እንጂ ለዝግጅቱ ስም ብሎ አልነበረም። ሌኖ ራሱም በ1992 ሲጀምር ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፤ መሪነቱን እስኪይዝ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። ኮናን ሰባት ወር ተሰጠው፤ ያውም የቀድሞው አቅራቢ ከእሱ በፊት በዚያው ጣቢያ ላይ በየምሽቱ እየታየ።

ግማሽ ሰዓት የማትበቃበት ውል

ዓመቱ ሲያልቅ አጋር ጣቢያዎቹ ከእንግዲህ አንታገሥም፣ ሰዓቱን በራሳችን ዝግጅት እንተካለን አሉ። በዚያው ዲሴምበር ኮምካስት የተባለው የኬብል ኩባንያ የኤንቢሲን አብዛኛውን ድርሻ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ለመግዛት ተስማምቶ ነበር። ሽያጩ የመንግሥት ፈቃድ ይጠብቃል፤ በየከተማው ካሉ ጣቢያዎች ጋር በአደባባይ ለመጣላት ከዚህ የከፋ ጊዜ አልነበረም።

ጃንዋሪ 10 ቀን 2010 የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ጄፍ ጋስፒን አዲሱን ዕቅድ ለጋዜጠኞች ነገረ። የ4 ሰዓቱ ዝግጅት ይቆማል። ሌኖ ወደ ቀድሞ ሰዓቱ፣ 5 ሰዓት ከ35 ተመልሶ ግማሽ ሰዓት ይሠራል። የኮናን «ቱናይት ሾው» ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት ከ5 ይገፋል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጂሚ ፋለን ደግሞ ወደ 7 ሰዓት ከ5። ሁለቱንም ይዞ የመቆየት ፈሊጥ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ።

ጣቢያው ይህን ማድረግ የቻለው የኮናን ውል ስለፈቀደለት ነው። ውሉ «ቱናይት ሾው»ን ያቀርባል ይላል፤ በስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ ግን አልጻፈም። ለ50 ዓመት ከዜና በኋላ ሲተላለፍ የኖረ ዝግጅት ሰዓቱ ይነካል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በወቅቱ እንደተዘገበው የሌኖ ውል ግን ጠንከር ያለ ነበር፤ ጣቢያው እንዲከፍለው ብቻ ሳይሆን በአየር ላይም እንዲያቆየው ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ሌኖን ማሰናበት በጣም ውድ ነበር፣ ኮናንን ግማሽ ሰዓት መግፋት ግን በወረቀት ላይ ነፃ ይመስል ነበር። ኃላፊዎቹ ኮናን እሺ ይላል ብለው አሰቡ፤ የዕድሜ ልክ ሕልሙን ለግማሽ ሰዓት ብሎ አይጥልም ብለው።

ኮናን ጃንዋሪ 12 በሰጠው ጽሑፍ እሺ አላለም። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነበር፤ ዝግጅቱ ለአሥርት ዓመታት ከዜና በኋላ ወዲያው ሲተላለፍ ኖሯል፤ ለሌላ የቀልድ ዝግጅት ቦታ ለመልቀቅ ወደ ማግሥቱ ቀን ማሻገር ያጠፋዋል፤ በዚህ ጥፋት አልተባበርም። የፋለንንም ዝግጅት አንስቷል፤ እኔ ስገፋ እሱም ከልማዱ ሰዓት ይገፋል፣ ይህም ፍትሐዊ አይደለም ብሏል። በዚያ ሰዓት ስለ ሌላ ሰው ማሰቡን ለኮናን ከምሰጠው ክብር ሁሉ የበለጠውን እሰጥበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያልታየ ነገር አሳዩ። አቅራቢው በየምሽቱ በራሱ ጣቢያ ወጥቶ ጣቢያውን ይነቅፋል፣ ሌተርማን ከሲቢኤስ የ1992ን ቁስሉን እያስታወሰ ሌኖን ይወጋል፣ የኤቢሲው የምሽት አቅራቢ ጂሚ ኪመል በሌኖ በራሱ ዝግጅት ላይ በቪዲዮ ተጋብዞ በግልጽ ያሾፍበታል። ደጋፊዎች በዝናብ ውስጥ በስቱዲዮው ደጅ ተሰበሰቡ። የኮናን ተመልካች ቁጥርም የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጣቢያው አጣሁ ብሎ ያማረረበት ተመልካች ኮናን ሊሄድ ሲል መጣ።

ስምምነቱ ጃንዋሪ 21 ይፋ ሆነ። ለኮናን 33 ሚሊዮን ገደማ፣ ለ200 ያህል ሠራተኞቹ 12 ሚሊዮን ገደማ ዶላር። ኮናን እስከ ሴፕቴምበር ድረስ በሌላ ቴሌቪዥን እንዳይቀርብም ተከለከለ። ስለዚህ ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የሠላሳ ሦስቱ ሚሊዮን ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን አገር አቋርጠው የተከተሉት ሰዎች ናቸው። እነሱ ስለ ሰዓት አልተጠየቁም፣ ውሉን አልፈረሙም፤ ካሳው ጥቂት ወር ያኖራል፣ ሥራ ግን አይሆንም።

በመጨረሻው ምሽት፣ ጃንዋሪ 22፣ ኮናን ኤንቢሲን አመሰገነ። ለሚያዩት ወጣቶችም አንድ ልመና አቀረበ፤ በሁሉ ነገር የምትሳለቁና ተስፋ የቆረጣችሁ አትሁኑ፣ በርትቶ ለሚሠራና ቸር ለሆነ ሰው ድንቅ ነገር ይገጥመዋል አላቸው። ያን ቀን በእሱ ቦታ ሆኖ እንዲህ መናገር ቀላል አልነበረም።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?

ሌኖ ማርች 1 ቀን ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ብዙዎች ባይመለስ ይሻል ነበር ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በ2004 በራሱ አንደበት ለተመልካች የተናገረውን ቃል በእጁ ማጽናት ይችል ነበር። ሆኖም ከወንበሩ ሊያወርዱት የወሰኑት አንደኛ ሆኖ ሳለ ነው፣ ወደ 4 ሰዓት የወሰዱት እነሱ ናቸው፣ ተመለስ ያሉትም እነሱ ናቸው። የሠራው ስህተት የቀረበለትን መቀበሉ ነው።

አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ምክሩ ለድሃ ገበሬ ጥሩ ነው፤ ኤንቢሲ ግን ሁለቱንም ባላ በአንድ ጉድጓድ ተከለ። ከብዙ ወጪና ውርደት በኋላ የደረሰበት ቦታ ከመነሻው የተለየ አልነበረም፤ ሌኖ በ5 ሰዓት ከ35 ላይ ተቀምጧል። ልዩነቱ ተተኪ አለመኖሩ፣ የ4 ሰዓቱ ድራማ መጥፋቱና አጋር ጣቢያዎች መቀየማቸው ነው። ዙከርም ኮምካስት ጣቢያውን ሲረከብ ቦታውን ለቀቀ።

ኮናን በኖቬምበር 2010 ቲቢኤስ በተባለው የኬብል ጣቢያ ሥራ ጀምሮ እስከ 2021 ቆየ። የፖድካስት ኩባንያውንም በ2022 ለሲሪየስኤክስኤም ሸጠ፤ በ2025 ደግሞ የኦስካርን ሥነ ሥርዓት መራ። ሌኖ በፌብሩዋሪ 2014 ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ሲወርድ ፋለን ተካው። አሁንም ሌኖ በተመልካች ቁጥር መሪ ነበር፤ አሁንም የወረደው ጣቢያው ስለወሰነ ነው። ግን ያን ጊዜ ማንም ሌላ ሰዓት አልፈለገለትም፤ ወራሹ የተነገረው ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው፤ ዝግጅቱም ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ። ርክክቡ ያለ ጠብ አለፈ።

ዛሬ ጥያቄው ራሱ እየተለወጠ ነው። ተመልካቹ ቀልዱን በማግሥቱ በዩቲዩብ እየቆራረጠ ያያል፤ የማስታወቂያው ገንዘብም ወደዚያ ሄዷል። ሌተርማን በ1993 ከኤንቢሲ ተቀይሞ ሄዶ በሲቢኤስ የከፈተው «ሌት ሾው» በ2015 ወደ ስቲቨን ኮልበርት ተላልፎ ነበር። በጁላይ 2025 ሲቢኤስ ይህ ዝግጅት በሜይ 2026 እንደሚያበቃ ሲያስታውቅ ምክንያቱ የገንዘብ ብቻ ነው አለ፤ ብዙ ተቺዎች ፖለቲካም አለበት ብለው ተከራከሩ። ስለ ኮልበርት ተተኪ ግን ክርክር አልነበረም፤ ጣቢያው ዝግጅቱን ለማንም እንደማያስተላልፍ በዚያው ቀን ተናግሮ ነበር።